ከፍንዳታው በፊት ያለው ሰዓት

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጦርነት ባለበት ቦታ በሲቪሎች ላይ የደረሰ ጥቃት በቀጥታ ስርጭት ምስል እንዴት እንደሚመረመር ይመለከታል። የሞትና የመቁሰል ወሬ አለበትና ሕፃናት አጠገባችሁ ካሉ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት።

ዕለቱ ዓርብ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቦታው ደቡብ ሊባኖስ፣ አልማ አሽ ሻዓብ ከምትባል መንደር አጠገብ ያለ አንድ ገላጣ ኮረብታ። ሰባት ጋዜጠኞች እዚያ ቆመዋል። ሦስቱ የሮይተርስ፣ ሁለቱ የፈረንሳዩ ዜና ወኪል የኤኤፍፒ፣ ሁለቱ የአልጀዚራ ባልደረቦች ናቸው። የእስራኤል ድንበር ከእነሱ ቢርቅ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ፕሬስ» ተብሎ የተጻፈበት ጥይት መከላከያ ለብሰዋል፣ ሄልሜትም አድርገዋል። ከመኪኖቹ በአንዱ ላይ «ቲቪ» የሚሉ ፊደላት በቢጫ ፕላስተር ተለጥፈዋል። ካሜራዎቹ በየመቆሚያቸው ተተክለው የድንበሩን አካባቢ ለዓለም በቀጥታ ያስተላልፋሉ።

ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ አንድ የታንክ ጥይት መጥቶ መሐላቸው ፈነዳ። የሮይተርሱ የቪዲዮ ጋዜጠኛ ኢሳም አብደላ፣ የ37 ዓመት ሰው፣ ወዲያው ሞተ። የኤኤፍፒዋ ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስቲና አሲ ክፉኛ ቆሰለች፤ በኋላ አንድ እግሯ ተቆርጧል። በ37 ሴኮንድ ልዩነት ሁለተኛው መጣ። የአልጀዚራ መኪና ተቃጠለ። በጠቅላላው አንድ ሰው ሞተ፣ ስድስት ቆሰሉ።

ሊባኖስ ለብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ የሩቅ አገር ስም አይደለችም። ልጅ ወይም እህት ቤይሩት ያለችበት ቤት ያን ሰሞን ዜናውን በምን ዓይነት ስሜት ይከታተል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ ይህን ጉዳይ የመረጥኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከማውቃቸው ምርመራዎች ሁሉ፣ ካሜራ ሳይጠፋ መቆየቱ ምን እንደሚያስገኝ ይህን ያህል አጥርቶ ያሳየ የለም።

ያን ምስል ያየ ሰው የሚያስታውሰው ፍንዳታውንና ጩኸቱን ነው። በቴሌግራምም የተዘዋወረው እሱው ነበር፣ ተቆርጦ ተቆርጦ፣ ሃያና ሠላሳ ሴኮንድ ሆኖ። ለመርማሪ ግን ዋናው ሀብት ከዚያ በፊት ያለው ነው። ነፋስ ማይክራፎኑን የሚመታበት፣ ካሜራው ኮረብታ ብቻ የሚያሳይበት፣ ተመልካች ሰልችቶት ቻናል የሚቀይርበት ያ ረጅም ሰዓት። ጋዜጠኞቹ እዚያ ቦታ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአጠገባቸው የታጠቀ ሰው አለፈ ወይ? ከጎናቸው ሮኬት ተተኮሰ ወይ? ከወዲያ ማዶ ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ማንነታቸው ይለይ ነበር ወይ? የሃያ ሴኮንዱ ቪዲዮ ለእነዚህ ጥያቄዎች አፍ የለውም። ያልተቋረጠው ስርጭት ግን ደቂቃ በደቂቃ ይመልሳል።

የእስራኤል ጦር በወቅቱ የሰጠው መልስ ጋዜጠኞችን ዒላማ አናደርግም የሚል ነበር። በዕለቱ ሒዝቦላህ ድንበሩ ላይ ፀረ ታንክ ሚሳይል መተኮሱን፣ ጦሩ ለዚያ ምላሽ ይሰጥ እንደነበርና አካባቢው የውጊያ ቀጠና መሆኑንም ተናግሯል። ክርክሩ እንግዲህ ከፍንዳታው በፊት በነበረው ሰዓት ላይ ወደቀ ማለት ነው። በደቡብ ሊባኖስ የተሰማራው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል፣ ዩኒፊል፣ ባካሄደው ምርመራ ታንኩ ከመተኮሱ በፊት ከ40 ደቂቃ በላይ በአካባቢው የድንበር ተሻጋሪ የተኩስ ልውውጥ እንዳልተመዘገበ አስፍሯል። በግልጽ በሚለዩ ጋዜጠኞች ላይ መተኮሱም የዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት ነው ብሏል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እና አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በየፊናቸው መርምረዋል፤ አምነስቲ ብቻውን ከ100 በላይ ቪዲዮና ፎቶግራፍ እንዳረጋገጠ ገልጿል።

(አጭር የሙዚቃ ማቋረጫ)

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ጥይቱ ከየት ተተኮሰ?

ሮይተርስ ከቦታው የተሰበሰቡ ፍንጥርጣሪዎችን፣ የጥይት መከላከያ ልብሶችን፣ ካሜራውንና መቆሚያውን ጭምር ወደ ኔዘርላንድስ ላከ። የመረመራቸው ቲኤንኦ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአገሪቱ የተግባራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት ነው። ከብረቶቹ አንዱ የ120 ሚሊ ሜትር የታንክ ጥይት የጭራ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ይህ ምን እንደተተኮሰ ይናገራል። ከየት እንደተተኮሰ ለማወቅ ግን ድምፁም ማስፈለጉ አልቀረም።

መብረቅ ሲበርቅ አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪመጣ የምትቆጥሩ ሰዎች መርሑን ታውቁታላችሁ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የታንክ ጥይት ደግሞ ከድምፅ እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ ዒላማው አጠገብ ያለ ማይክራፎን መጀመሪያ የሚቀዳው የፍንዳታውን ድምፅ ነው፤ የተተኮሰበት የአፈሙዝ ድምፅ ከኋላ ይደርሳል። ሰው መጨረሻ ላይ የሰማው መጀመሪያ የሆነው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ርቀቱን ይነግራል።

ለማሳያ ያህል በግምት እናስላው። ጥይቱ በሴኮንድ አንድ ሺህ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ከ1,340 ሜትር ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ከሦስት አሥረኛ ይፈጅበታል። ድምፁ ግን ወደ አራት ሴኮንድ ይወስዳል። ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ግድም ይሆናል። 1,340 ሜትርን በዘፈቀደ አልጠራሁትም። ቲኤንኦ የደረሰበት ርቀት 1.34 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ነው። ሮይተርስ ይህን ይፋ ያደረገው ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በአካባቢው የነበሩ የስምንት መገናኛ ብዙኃንን የብዙ ሰዓት ቪዲዮ ተመልክቷል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችንና የሳተላይት ምስሎችን አገናዝቧል፤ ከ30 በላይ ሰዎችን አነጋግሯል።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ቲኤንኦ በመጨረሻ ሪፖርቱ ሌላ ነገር ጨመረ። የአልጀዚራ ቀጥታ ስርጭት የያዘው ድምፅ ሲመረመር፣ ከሁለቱ የታንክ ጥይቶች በኋላ ለአንድ ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ያህል የከባድ መትረየስ ተኩስ ይሰማበታል። ድምፁ መርካቫ የተባለው የእስራኤል ታንክ ከሚታጠቀው መትረየስ ጋር ይመሳሰላል። ያው ታንክ መትረየሱንም ተኩሶባቸው ሊሆን ይችላል፣ ግምቱም ሚዛን ይደፋል ይላል ሪፖርቱ። ቀጥሎ ግን አቅጣጫውና ትክክለኛ ርቀቱ ስላልተረጋገጠ በእርግጠኝነት መደምደም አይቻልም ሲል አከለበት።

እኔ በበኩሌ ከሪፖርቱ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ስለ ታንኩ ጥይት በሙሉ አፉ የተናገረ ባለሙያ ስለ መትረየሱ ሲጠየቅ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ሲቆም፣ የመጀመሪያው ቃሉ የበለጠ ይታመናል።

ቀጥታ ስርጭት ግን ያሳስታልም። ከዚያ ጥቃት አራት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 6 ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ጋዛ ከተማ ባለው በአል አህሊ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። ብዙ ሰው አለቀ። ያኔ አልጀዚራ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር። በስርጭቱ ላይ አንድ ብርሃን ያለው ነገር ሰማይ ላይ ሲወጣ፣ ሲፈነዳ፣ ወዲያውም ምድር ላይ ፍንዳታ ሲበራ ይታያል። ለዓይን ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ሮኬት ሲከሽፍና ሲወድቅ በገዛ ዓይናችን አየን ተባለ። የእስራኤል ባለሥልጣናትም፣ ታላላቅ የዜና ድርጅቶችም ይህንኑ ምስል ጠቀሱት።

ከቀናት በኋላ ኒው ዮርክ ታይምስ ያንኑ ቅጽበት በሌሎች አቅጣጫዎች የቀዱ ካሜራዎችን ሰበሰበ። ከእነዚህም አንዱ የእስራኤል ቴሌቪዥን ካሜራ ነበር። አንድ ካሜራ የሚሰጠው አቅጣጫን ብቻ ነው። ሰማይ ላይ ያለ ብርሃን ቅርብ ይሁን ሩቅ በአንድ ካሜራ ብቻ መለየት አይቻልም። ሁለተኛ ካሜራ ሲገኝ ግን ከሁለቱም መስመር ይሰመራል፣ መስመሮቹ የተገናኙበትም ቦታው ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ በአልጀዚራ ስርጭት ላይ የታየው ነገር የተተኮሰው ከእስራኤል በኩል እንደሆነና የፈነዳውም ከሆስፒታሉ ኪሎ ሜትሮች ርቆ እንደሆነ ጋዜጣው ደመደመ። ከሆስፒታሉ ፍንዳታ ጋር ግንኙነት ሳይኖረው አይቀርም፣ አንድ ላይ የታዩት በአጋጣሚ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሆስፒታሉን ማን መታው ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሆነም። ጋዜጣውም መልስ ነው አላለም። የአሜሪካና የፈረንሳይ የስለላ ተቋማት የከሸፈ የፍልስጤማውያን ሮኬት ሳይሆን አይቀርም ብለዋል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችም በእጁ ያለው ማስረጃ ወደዚያው እንደሚያመለክት ገልጾ ተጨማሪ ምርመራ ጠይቋል፤ ይህን የሚሞግቱ መርማሪዎችም አሉ። የወደቀው አንድ ማስረጃ ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በቀጥታ ያየው ማስረጃ።

(አጭር የሙዚቃ ማቋረጫ)

ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ጋዛ ውስጥ ባለችው ኻን ዩኒስ። የሮይተርሱ ካሜራ ባለሙያ ሁሳም አል ማስሪ ከናስር ሆስፒታል የውጭ ደረጃ ላይ ሆኖ በቀጥታ ሲያስተላልፍ ስርጭቱ ድንገት ጠፋ። ጥቃቱ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። የነፍስ አድን ሠራተኞችና ሌሎች ጋዜጠኞች ወደ ደረጃው ሮጡ። ከደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው ጥቃት እነሱን አገኛቸው። በሁለቱ ጥቃቶች ቢያንስ 20 ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ ጋዜጠኞች ናቸው። ሁለተኛውን አል ጋድ የተባለ ጣቢያ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር። ባለሙያዎች ምስሉን ፍሬም በፍሬም ሲያዩት፣ ለዓይን አንድ የመሰለው ፍንዳታ ተከታትለው የደረሱ ሁለት ተተኳሾች ሆኖ ተገኘ። በሴኮንድ 25 ፍሬም በሚቀዳ ካሜራ እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ይይዛልና ዓይን የማይለየውን እሱ ይለየዋል።

የእስራኤል ጦር ወታደሮቹ ሐማስ የተከለውን የክትትል ካሜራ ዒላማ ማድረጋቸውን ተናገረ። ሮይተርስ ደግሞ ባደረገው የምስል ምርመራ የተመታው ካሜራ የራሱ፣ ሁሳም የሚሠራበት ካሜራ እንደነበር አረጋገጠ። ሁሳም ከዚያው ደረጃ በተለያዩ ቀናት በተደጋጋሚ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ማንም ዳግም አያየውም የተባለ የሳምንታት ስርጭት ካሜራው የማን እንደሆነ ለማወቅ መነጻጸሪያ ሆነ።

ቀጥታ ስርጭት ሁሉ የጋዜጠኛ አይደለም። የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት የሩሲያ ጦር የዩክሬንን የዛፖሪዥያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሲያጠቃ፣ ሙሉውን ያስተላለፈው የማመንጫው የራሱ የጥበቃ ካሜራ ነው፣ በዩቲዩብ። የአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮ ከአራት ሰዓት በላይ የሚሆነውን ቀረጻ ከባለሙያዎች ጋር ተመልክቶ፣ የሩሲያ ወታደሮች ከባድ መሣሪያ ወደ ሪአክተሮቹ ሕንጻዎች አቅጣጫ መተኮሳቸውን አሳየ። የሞስኮ መግለጫ ጥፋቱን በዩክሬን ላይ ያላከከ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መዘዝ አለ። ላይቭ የሚያስተላልፍ ስልክ መርማሪን እንደሚረዳ ሁሉ ተኳሽንም ይረዳል። ጥይቱ የት እንዳረፈ፣ ሰው በየት በኩል እንደሸሸ፣ አምቡላንሱ የት እንደቆመ ያሳየዋል። በጥይት መሐል ሆናችሁ ላይቭ ግቡ የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም።

ቀርቶ የተገኘውን ምስል ፍርድ ቤት እስኪደርስ ማቆየት ሌላ ጣጣ ነው። ሥራውን የሚሠሩ ድርጅቶች ፋይሉን እንዳገኙ ሃሽ የሚባል፣ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነጥብ እንኳ ቢነካ ቁጥሩ ይለወጣል። ማን ላከው፣ መቼ ወረደ፣ በማን እጅ አለፈ የሚለው ሁሉ ይመዘገባል። የበርክሌይ ፕሮቶኮል የተባለው መመሪያ፣ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማዕከልና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ አብረው ያዘጋጁት፣ ይህን አሠራር ይደነግጋል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ነሐሴ 2009 ዓ.ም. በሊቢያዊው የጦር አዛዥ በማህሙድ አል ወርፋሊ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ በአብዛኛው የተመሠረተው በማኅበራዊ መገናኛ በተሰራጩ ቪዲዮዎች ላይ ነው። ሰውየው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቤንጋዚ ውስጥ ተገደለ። ማዘዣው በወጣበት ዓመት ደግሞ የዩቲዩብ ማሽን የሶሪያን ጦርነት የሚያሳዩ እጅግ ብዙ ቪዲዮዎችን የአክራሪዎች ፕሮፓጋንዳ መስለውት ሰረዛቸው። ከፊሉን ለማስመለስ የሶሪያ ማኅደር የተባለው ድርጅት ብዙ ደከመ።

የኢሳም አብደላ ጉዳይስ? የሊባኖስ መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በግዛቱ የተፈጸሙ ወንጀሎችን እንዲያይ ሥልጣን ለመስጠት ወስኖ ነበር። በወሩ ውሳኔውን ቀለበሰው። ርቀቱ በሜትር፣ ሰዓቱ በሴኮንድ የታወቀ ግድያ ያለ ዳኛ ቀረ። ምስል ዳኛ አያስቀርብም። ያን የሚያደርገው መንግሥት ነው፤ መንግሥታትም ሲፈልጉ ብቻ ያደርጉታል።

ወደ እኛው ቤት ልምጣና ልጨርስ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ማኅበረ ዴጎ አጠገብ የተፈጸመውን ግድያ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ወጥተው፣ ቢቢሲ አፍሪካ አይ እና ሲኤንኤን መጋቢት 2013 ዓ.ም. ቦታውን ያረጋገጡት በምስሉ ላይ የሚታየውን የገደሉን ቅርጽ ከሳተላይት ምስልና ከካርታ ጋር በማስተያየት ነው። ቀጥታ ስርጭት አልነበረም፤ በስልክ የተቀዳ ቁርጥራጭ ነው። ሥራው ያን ያህል የከበደውም ቁርጥራጭ በመሆኑ ነው። ሰዓቱም፣ በፊት የሆነውም፣ በኋላ የሆነውም በሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ እስከ ሪያድ የምትሰሙን አድማጮች፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ በዋትስአፕም በቴሌግራምም ይደርሳችኋል። ብዙ ጊዜም ዘፈን ተጭኖበት፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ሆኖ። ያልተረጋገጠውን አለመላክ የሁላችንም ድርሻ ነው። የቀዳው ወይም በቀጥታ ያስተላለፈው የራሳችሁ ሰው ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል። ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡት። «ምንም የለበትም» ብላችሁ መጀመሪያውን አትቁረጡ። በዋትስአፕ ስትልኩት ጥራቱ እንደሚወርድ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚመዘገብበት የፋይሉ መረጃም እንደሚጠፋ እወቁ። በፌስቡክ ላይቭ የተላለፈ ከሆነ ደግሞ አትዘግዩ። ፌስቡክ ከየካቲት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የላይቭ ቪዲዮዎችን የሚያቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሰርዛቸዋል። ዛሬውኑ አውርዱት።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)